የዋይትቻፕሉ ገዳይና «ዞዲያክ» ሳይያዙ የቀሩት በአንድ ምክንያት ነውን?

ሐመልማል (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልን። በ1888 በምሥራቅ ለንደን፣ ዋይትቻፕል በተባለው የድሆች ሰፈር አምስት ሴቶችን እንደገደለ የሚታመነው «ጃክ ዘ ሪፐር» እና በ1968 እና 1969 በሰሜን ካሊፎርኒያ አምስት ሰዎችን የገደለው «ዞዲያክ» ማንነታቸው እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የለንደኑ ፖሊስ በጊዜው የጣት አሻራ ምርመራ እንኳ አልነበረውም። አሻራም የደም ምርመራም በነበረበት ዘመን የገደለው ሁለተኛው ግን እንዴት አመለጠ?

ዘርዓይ፦
በእኔ አስተያየት ሁለቱንም ምርመራዎች ይበልጥ የጎዳው የፖሊስ ክልል መከፋፈል ነው። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1888 ሌሊት ሁለት ሴቶች በአንድ ሰዓት ልዩነት ውስጥ ሲገደሉ፣ የመጀመሪያዋ ጉዳይ ለሜትሮፖሊታን ፖሊስ፣ ማይተር አደባባይ ላይ የተገኘችው የሁለተኛዋ ደግሞ ለሲቲ ኦፍ ለንደን ፖሊስ ደረሰ። ከሁለተኛዋ ሽርጥ የተቀደደ፣ ደም የነካው ቁራጭ ግን የተገኘው ተመልሶ በሜትሮፖሊታኑ ክልል፣ ጎልስተን መንገድ ላይ ነበር፤ ከበላዩም ግድግዳው ላይ አይሁዶችን የሚጠቅስ የጠመኔ ጽሑፍ ታየ። የሲቲ ፖሊሶች ፎቶግራፍ ይነሣ ቢሉም፣ የሜትሮፖሊታኑ ኮሚሽነር ሰር ቻርልስ ዋረን በአይሁዶች ላይ ሁከት እንዳይነሣ ሰግተው አስጠፉት (ስጋታቸው መሠረት ነበረው)።

የዞዲያክም ጉዳይ በቫሌሆ፣ በሶላኖ፣ በናፓና በሳን ፍራንሲስኮ መርማሪዎች መካከል ተበታትኖ ነበር። በኦክቶበር 1969 የታክሲ ሾፌሩ በተገደለበት ምሽት በሬዲዮ የተላለፈው መልእክት ተጠርጣሪው ጥቁር ነው ስላለ፣ በአቅራቢያው አንድ ነጭ ሰው ያዩ ፖሊሶች አልፈውት ሄዱ። ገዳዩም ኋላ በላከው ደብዳቤ ፖሊሶች አነጋግረውኝ ለቀቁኝ ብሎ ተሳልቆባቸዋል።

ምሕረት፦
የአቶ ዘርዓይን ሐሳብ ባከብርም፣ እኔ ከክልሉ ይልቅ የማስረጃውን አያያዝ አስቀድማለሁ። በደቡብ ኮሪያ ህዋሶንግ ከ1986 እስከ 1991 አሥር ሴቶች የተገደሉበት ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ከእነዚህ ጋር አብሮ ይጠቀስ ነበር። በ2019 ግን ተጠብቀው የቆዩ ዕቃዎች በዲኤንኤ እንደገና ሲመረመሩ፣ በሌላ ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት እስር ቤት ወደነበረው ሊ ቹን ጄ አመለከቱ፤ እሱም አመነ። ፖሊስ ቀድሞ የገዳዩ የደም ዓይነት «ቢ» ነው ብሎ ስለደመደመ፣ «ኦ» የሆነው ሊ ከተጠርጣሪነት አምልጦ ነበር። ይባስ ብሎም ስምንተኛውን ግድያ ፈጽሟል የተባለ ንጹሕ ሰው ሃያ ዓመት ገደማ ታስሮ፣ በ2020 ነጻ ተባለ። የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ ሊ በነዚህ ግድያዎች ሊከሰስ አልቻለም።

ከዋይትቻፕል እንዲህ የሚመረመር ነገር አልተረፈም። ዲኤንኤ ተገኘበት ተብሎ ብዙ የተወራለት ሻልም ከግድያው ቦታ ስለመምጣቱ አስተማማኝ ሰነድ የለውም።

ኤፍሬም፦
ደብዳቤዎቹንም ለይቶ ማየት ይገባል። «ሪፐር» የሚለውን ስም ያወጣውን ደብዳቤ የጻፈው ጋዜጠኛ ነው ብለው ያመኑ የፖሊስ ሹማምንት ነበሩ። የዞዲያክ ግን ከሟቹ ሾፌር ሸሚዝ የተቀደደ፣ ደም ያለበት ቁራጭ ስለተላከበት የራሱ መሆኑ አያጠራጥርም። በ2020 የተፈታው ባለ340 ምልክት ምሥጢራዊ ጽሑፉም ፉከራ እንጂ ስም አልያዘም።

ሐመልማል፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያስ ዞዲያክን ማነጻጸር ያለብኝ ከለንደኑ ሳይሆን ከህዋሶንጉ ጋር ነው፤ ፖስታዎቹና ቴምብሮቹ እስካሉ ድረስ ያ በር አልተዘጋም።