የኮን ይዘት፦ በእጅ 314.16፣ በካልኩሌተር 31.83

ጎንደር አዘዞ ሆኜ ታናሽ ወንድሜን በሒሳብ የቤት ሥራ ሳግዝ አንድ ጥያቄ አላላውስ ብሎኛል። ሬዲየሱ 5፣ ቀጥተኛ ከፍታው 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ የጎጆ ክዳን የመሰለ ኮን ይዘት ይፈለጋል። በእጃችን ስንሠራ 100 ፓይ፣ ማለትም 314.16 ሳንቲ ሜትር ኩብ ያህል አገኘን፤ በሳይንሳዊ ካልኩሌተሩ ላይ «1÷3ፓይ×5²×12» ብለን ስናስገባ ግን 31.83 ይላል። መጀመሪያ ነጥቡ አንድ ቤት የሸሸ መስሎኝ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱን ሳካፍላቸው 10 ሳይሆን 9.87 ገደማ መጣ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ቅንብሩንም ወደ መጀመሪያው መለስኩ፤ ለውጥ የለም። በስልኬ በ3 እና በፓይ መካከል የማባዛት ምልክት ጨምሬ ስሞክር ትክክለኛው መልስ ወጣ። የዚህ ምልክት መቅረት ብቻውን የስሌቱን ቅደም ተከተል ሊለውጠው ይችላል?