ለዶሮ ወጥና ለበግ ጥብስ የሚሆን፣ ከ10 ዩሮ የማያልፍ የፈረንሳይ ቀይ ወይን

ጥያቄ፦ ሊዮን ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ለፋሲካ የሥራ ባልደረቦቼን ጋብዣለሁ፤ ዶሮ ወጥና የበግ ጥብስ አቀርባለሁ። ከሱፐርማርኬቱ የወይን መደርደሪያ ፊት ስቆም ግን ግራ ይገባኛል። ከ10 ዩሮ በታች ሆኖ የማያሳፍር ቀይ ወይን የትኛው ነው? ቦርዶ ግዛ የሚሉኝ ብዙ ናቸው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቦርዶውን ለሌላ ቀን አቆየው። በዚህ ዋጋ የሚገኘው ቦርዶ ብዙውን ጊዜ ታኒኑ ጠንከር ያለ ነው። ታኒን ማለት ብዙ እንደ ፈላ ሻይ ምላስንና ድድን የሚያደርቀው ነገር ነው። በርበሬ ሲጨመርበት ማድረቁም ማቃጠሉም ይብሳል፤ የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ጣፋጭነት ደግሞ ወይኑን መራራ ያስመስለዋል።

ለጥብሱ ኮት ዱ ሮን ግዛ። ከቪዬን እስከ አቪኞን በሮን ወንዝ ግራና ቀኝ የሚመረት ሲሆን፣ አብዛኛው የሚመጣው ሚስትራል የሚባለው ነፋስ ከሚገርፈው ከደቡቡ ክፍል ነው። ከ1937 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ስም አለው። ዋናው የወይን ፍሬ ግረናሽ ይባላል፤ ልስላሴውንና የበሰለ ፍሬ ጣዕሙን የሚሰጠው እርሱ ነው። ሲራ የሚባለው ሌላ የወይን ፍሬ ሲቀላቀልበት ቀለሙ ይጠቁራል፣ የቁንዶ በርበሬ ሽታም ያመጣል። ይህ ምናብ አይደለም፤ ለቁንዶ በርበሬ ሽታውን የሚሰጠው ንጥረ ነገር በሲራ ፍሬ ልጣጭ ውስጥም ይገኛል። በሮዝመሪ ከተጠበሰ በግ ጋር ሲገጥም ታየዋለህ።

ስትገዛ ሦስት ነገር ተመልከት። የአልኮሉ መጠን 13 ወይም 13.5 በመቶ ይሁን፤ 14.5 የሆነው በርበሬ ባለበት ማዕድ ጉሮሮ ያቃጥላል። «ሚ ዞን ቡቴይ ኦ ዶሜን» የሚል ጽሑፍ ካለበት ወይኑ የታሸገው እዚያው ገበሬው ዘንድ ነው። ጥቂት ዩሮ ጨምረህ «ኮት ዱ ሮን ቪላዥ» የሚለውን ብትወስድ የአመራረት ደንቡ ጠበቅ ያለ ነው፤ ሳብሌ ወይም ሴጉሬ የሚል የመንደር ስም ከታከለበት ደግሞ እኔ አላልፈውም።

ለዶሮ ወጡ ግን ቦዦሌ ቪላዥ ነው። የወይን ፍሬው ጋሜ ይባላል፣ የሚበቅለውም ከሊዮን በስተሰሜን፣ ደጃፍህ ላይ ነው። ዘለላው ሳይጨመቅ እንዳለ በጋን ውስጥ ስለሚብላላ ታኒኑ ያንሳል፣ ፍሬያማነቱ ይጎላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆይተህ ቀዝቀዝ አድርገህ አቅርበው። ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም የሚል እንግዳ ቢመጣ ዝም ብለህ ቅዳለት። የከተማው ሰዎች ሊዮንን ሦስት ወንዞች ያጠጧታል፣ ሮን፣ ሶን እና ቦዦሌ ብለው ይቀልዳሉ። እነርሱ ከአሳማ ቋሊማ ጋር ይጠጡታል፤ እኛ ምስር ወጥ አለን። «ቦዦሌ ኑቮ» የሚለውን ግን አሁን አትንካው፤ በኅዳር ወጥቶ ቶሎ የሚጠጣ ነው።

ሁለቱንም ከበዓሉ በፊት ቅመሳቸው፣ ባዶ አፍህን ግን አይደለም። አንድ ጊዜ ተጎንጭ፣ ወጥ የነካ እንጀራ ጉረስ፣ እንደገና ተጎንጭ። ከጉርሻው በኋላ ወይኑ ከልክ በላይ ከኮመጠጠ ወይም ጣዕሙ ከጠፋ አይሆንህም። ለብቻው ሲቀመስ ወፍራምና የእንጨት ሽታ ያለው ወይን ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ግን ቀለል ብሎ ኮምጠጥ የሚለው ይበልጠዋል። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ቡሹ አበላሽቶታል፤ ደረሰኝህን ይዘህ መልሰው።

ሌላ መልስ፦ በቦዦሌው እስማማለሁ፤ በርበሬው የእናቴ ዓይነት ከሆነ ግን የትኛውም ደረቅ ቀይ ወይን አይችለውም፣ ጠጅ ካገኘህ ጠጅ አቅርብ። ኮት ዱ ሮኑ ከተወደደብህ ኮርቢዬርን ሞክር። ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከላንግዶክ የሚመጣ፣ ካሪኛን የሚባል የወይን ፍሬ የሚገባበት ነው፤ ሻካራ ቢሆንም ከጥብስ ጋር ያምርበታል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከኮት ዱ ሮን ዝቅ ይላል። እንግዶችህ እስኪደርሱ አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ ክፈተውና ወደ ማንቆርቆሪያ ገልብጠው፤ አየር ሲያገኝ ይለሰልሳል። ቦዦሌውን ግን ከማዕዱ ላይ ክፈተው።