የሳይክሌን የትኛውን ሥራ ራሴ ልሥራ?

እሑድ እሑድ እንጦጦ የምወጣበት የተራራ ሳይክል አለኝ። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ከኋላ 8 ማርሽ አለው። ፍሬኑ ሺማኖ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ነው፣ በዘይት የሚሠራው ዓይነት። ያለኝ መሣሪያ ፓምፕ፣ የአለን ቁልፎችና ካቴና መፍቻ ነው።

ካላማዳሪ መለጠፍና የፍሬን ሸራ መቀየር ለምጃለሁ። ባለፈው ወር ካቴናውንም ራሴ ቀየርኩ። አሮጌውን ከአንድ ፒን እስከ 25ኛው ስለካው 308 ሚሊሜትር ሆነ፤ አዲስ ሲሆን 304.8 ነው፤ አልቆ ረዝሟል ማለት ነው። አሁን ዳገት ላይ ጠንከር አድርጌ ስረግጥ አዲሱ ካቴና በኋላው ማርሽ ትናንሾቹ ጥርሶች ላይ ይዘላል። ጥርሶቹም አብረው አልቀዋል ማለት ነው።

የበለጠ ያስጨነቀኝ ፍሬኑ ነው። የፊቱ ሲላላብኝ ወደ አንድ ሳይክል ጠጋኝ ወሰድኩት። የመኪና ፍሬን ዘይት ጨመረበት! ሺማኖ የሚፈልገው የማዕድን ዘይት ነው፤ የመኪናው ዘይት ግን በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች ያበላሻል። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አሁን እጀታውን ስጨብጠው ቶሎ አይመለስም። በዚህ ፍሬን የእንጦጦን ቁልቁለት አልሞክረውም፤ ሳይክሉ ሦስት ሳምንት ቆሟል።

ጥርሱን ለመቀየር ሁለት መፍቻ መግዛት አለብኝ። ፍሬኑን ለማጠብ ደግሞ ሲሪንጅ፣ ቀጭን ቱቦና ትክክለኛው ዘይት ያስፈልጋል። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንዱ ሥራ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሌላውን ለባለሙያ እሰጣለሁ። ፍሬን ላይ መሳሳት ሕይወት ያስከፍላል፤ ግን ያበላሸውም ባለሙያ የተባለ ሰው ነው።

እናንተ ብትሆኑ በገዛ እጃችሁ የምትሠሩት የትኛውን ነው፣ ጥርሱን ወይስ ፍሬኑን?