ጥቆማ፦ ከጨረር በኋላ ለሚቀር የፕሮስቴት ካንሰር ህመም አዲስ አበባ ውስጥ የቱ ይሻላል?

እህቴ፣ «አባቴ ጨረሩን ጨርሶ ቤት ገባ፣ ወገቡ ግን ጭራሽ ባሰበት፤ የት ልውሰደው?» ላልሽው፣ አባቴን ሳስታምም ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ አይዞሽ። ጨረሩ አልሠራም ማለት አይደለም። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ሲገባ የሚሰጠው የማስታገሻ ጨረር ወዲያው አያሳርፍም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ህመም የሚብስባቸው ብዙ ናቸው። እፎይታው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ እስከ 4 ወይም 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። «አንድ ቀን ብቻ ሰጥተው ሸኙን» የሚሉም አሉ። በአንድ ቀን የሚሰጠው 8 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ህመም በማስታገስ በብዙ ቀን ተከፋፍሎ ከሚሰጠው አያንስም። በኋላ የመድገም ዕድሉ ግን ሰፋ ይላል። ዋናው ነገር አባባ እነዚህን ሳምንታት ሳይሰቃዩ እንዲያልፉ ማድረግ ነው።

የሰፈር ፋርማሲ ብትሄጂ ዳይክሎፌናክ ይሰጡሻል። ርካሽ ነው፣ ለአጥንት ህመምም ይረዳል። ግን ፕሮስቴት ሽንት ሲያግድ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ዳይክሎፌናክ ደግሞ በዚያ ላይ ይጨምርበታል። ኩላሊታቸው ሳይመረመር በየቀኑ አትስጪያቸው። ትራማዶል ለመካከለኛ ህመም ይሆናል። ከተወሰነ መጠን በላይ መጨመር ግን አይቻልም።

እንቅልፍ ለሚነሳ ህመም እኔ የምመርጠው በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ነው። ዘመድ «ሱስ ያስይዘዋል»፣ «ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀ» ይላል። እኛም ቤት ተብሏል። በዚህ ወሬ የተነሳ ስንቱ አባት ግድግዳ ይዞ ሲያቃስት ያድራል! ሐኪም ለህመሙ መጥኖ ካዘዘው ሞርፊን ዕድሜ አያሳጥርም። ሽሮፑ በየ4 ሰዓቱ ይወሰዳል፣ ህመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም። ለመዋጥ ለሚቸገር ሰውና መጠኑን ትንሽ በትንሽ ለመጨመር ሽሮፑ ይመቻል። በየ12 ሰዓቱ የሚወሰደው የሞርፊን ኪኒን ሌሊት ያሳርፋል፤ ግን ተፈጭቶ ወይም ተሰብሮ አይሰጥም። ሞርፊን በልዩ ማዘዣ ስለሚሸጥ በየፋርማሲው አይገኝም። ያዘዘው ሆስፒታል ፋርማሲ ጠይቂ፣ ደግሞም ሳያልቅ ቀደም ብለሽ ሂጂ። ሳይታሰብ አርብ ማታ ካለቀ ቅዳሜና እሁድ ይከብዳል።

ከሞርፊን ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሆድ ማለስለሻ ይታዘዝላቸው። ብዙ ውሃ ለሚጠጣ ሰው ተልባ ጥሩ ነው። ተኝቶ ለሚውልና ጥቂት ለሚጠጣ ሰው ግን ተልባው ራሱ ሆድ ያደርቃል፤ ለእሱ ቢሳኮዲል ይሻላል።

ክትትሉን በተመለከተ፣ ጨረሩን የወሰዱት ጥቁር አንበሳ ከሆነ ካርዱን አትተዪው። ጨረሩ ይደገም ወይስ ዴክሳሜታዞን የሚባለው እብጠት ቀናሽ መድኃኒት ይጀመር የሚለውን የሚወስኑት የካንሰር ሐኪሞቹ ናቸው። ግን ወገቡን የሚያመውን ሰው ለእያንዳንዱ ማዘዣ ወረፋ ላይ ማስቀመጥ ጭካኔ ነው። ስለዚህ ከሁሉም አስበልጬ የምጠቁምሽ ሆስፒስ ኢትዮጵያን ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ህሙማንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያይ ድርጅት ነው። ነርሶቹ ህመሙን ይጠይቃሉ፣ መድኃኒቱን ያያሉ፣ አስታማሚውንም ያስተምራሉ። የግል ነርስ መቅጠር ለቁስልና ለሽንት ቱቦ ይጠቅማል፤ ሞርፊን የምታውቅ መሆኗን ግን ቀድመሽ አረጋግጪ። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ህመምተኛ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ስለ ማረፊያ ጠይቁ።

ለቤት፦ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ጉልበት መሀል የሚገባ ትራስ፣ ሌሊት ከአልጋ ሳይወርዱ የሚሸኑበት ዕቃ። ከከዘራ ይልቅ ባለ አራት እግር መደገፊያ ይሻላል፣ መውደቅ አጥንት ይሰብራል። ጨረር የነካው ቆዳ ላይ ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ አይደረግ።

ወጌሻ ጋ ግን በፍጹም እንዳትወስጃቸው። ካንሰር የበላው አጥንት ሲታሽ ሊሰበር ይችላል። ጎረቤት «አንዴ ቢታሹ ይለቃቸዋል» ቢልሽ እጅ እንዳትሰጪ።

አንድ ነገር ጠዋትም ማታም ተከታተዪ፦ እግራቸው ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው፣ የጀርባው ህመም ድንገት ከጠና፣ ካንሰሩ ህብለ ሰረሰርን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። በሰዓታት መዘግየት መራመድን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል።

እኔ የማውቀው የአዲስ አበባውን ነው። ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደርና መቀሌ ያላችሁ፣ ሞርፊን የት እንደምታገኙና ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ መኖሩን ጻፉልን።