ፎሊክ አሲድ ለብቻው የት ይገኛል?

ጤና ይስጥልኝ፤ የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የበኩር ልጃችን ወገቡ ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት ይዞ ተወለደ፤ የኅብለ ሰረሰር ክፍተት ነው ተባልን። ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆኖ እግሮቹ ግን አሁንም አይታዘዙለትም። (አማቴ የሰው ዓይን ነው ይላሉ፤ ተከራክሬ ደከመኝ።)

አሁን ሁለተኛ ልጅ አስበናል። ክፍተቱ የሚፈጠረው ፅንሱ 28 ቀን ሳይሞላው ስለሆነ፣ ሳላረግዝ በፊት ጀምሬ በቀን 5 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ (ክፍተቱን ለመከላከል የሚረዳ ቫይታሚን ነው) እንድወስድ ታዝዞልኛል። መድኃኒት ቤቶች የሚሰጡኝ ግን ከብረት ጋር የተቀላቀለውን ነው፤ ፎሊክ አሲዱ 0.4፣ ብረቱ 60 ሚሊ ግራም። አሥር ፍሬ ልዋጥ ብል እንኳ አይሞላም፤ ብረቱም 600 ደርሶ ይመርዘኛል።

ባለ 5 ሚሊ ግራሙን ለብቻው እዚህ ከተማ ያገኛችሁ እህቶች፣ የት እንደሆነ ጠቁሙኝ፤ ለስንት ወር ያህል ቀድማችሁ እንደጀመራችሁም ጨምራችሁ ንገሩኝ።