ሮግሊች ከስኪ ዝላይ መጥቶ እንዴት ነው ሳይክል ላይ እዚህ የደረሰው?

ዳገቱ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ሳይክል መከታተል የጀመርኩት በቅርቡ ነው እና ፕሪሞዥ ሮግሊች ድሮ ስኪ ዘላይ ነበር ሲባል ሰምቼ በጣም ገረመኝ፣ ያ ከበረዶ ቁልቁለት ተንደርድረው አየር ላይ ሚንሳፈፉት ማለቴ ነው። እሱ እኮ ሴኮንዶች ነው ሚፈጀው፣ ሳይክል ደሞ በቀን አራት አምስት ሰዓት ለሶስት ሳምንት። ትንፋሹን ከየት አመጣው? እንደሱ ከሌላ ስፖርት መጥተው የተሳካላቸውስ አሉ? ምታውቁ አስረዱኝ

ሰንሰለት፦
እውነት ነው፣ ተራ ዘላይም አልነበረም። በ2007 ጣሊያን ታርቪዚዮ ላይ ከስሎቬኒያ ቡድን ጋር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆኗል። በዛው ዓመት ስሎቬኒያ ውስጥ ያለው ፕላኒትሳ ላይ ሲዘል ክፉኛ ወደቀ፣ ከዛም በኋላ ዘሏል ግን ከትልልቆቹ ተርታ መግባት አልቻለም፣ ትቶት ወደ ሳይክል ዞረ። በ2013 አድሪያ ሞቢል ሚባለው ቡድን ሲገባ 23 ዓመቱ ነው፣ ያኔ እኩዮቹ ከልጅነት ጀምሮ ሲወዳደሩ የኖሩ ናቸው። ከዛማ ቩዌልታን (የስፔኑን የሶስት ሳምንት ውድድር) 4 ጊዜ፣ ጂሮን (የጣሊያኑን) በ2023፣ የቶኪዮ ኦሎምፒክ የክሮኖ (ብቻህን ከሰዓት ጋር ምትወዳደርበት) ወርቅ ወሰደ።

ትንፋሹን በተመለከተ ስኪ ዝላይ ትንፋሽ አይሰራም፣ እኔ እንደሚመስለኝ ድሮም የነበረው ነው ግን ስፖርቱ ስለማይፈልገው አልታየም። ዝላዩ የሰጠው ሌላ ነው፣ አንደኛ ክብደት (ዘላይ ከቁመቱ አንጻር ከልክ በላይ ከቀለለ ስኪው እንዲያጥር ደንቡ ያስገድዳል፣ ምን ያህል እንደሚጨነቁበት ከዚህ ገምት)፣ ሁለተኛ በቅጽበት ሚወጣ የእግር ጉልበት። አጭር ቀጥ ያለ ዳገት መጨረሻ ላይ ድንገት ፍጥነት ጨምሮ ሲነሳ ያየው ሰው ይገባዋል።

የሩጫ ልጅ፦
እኔ ምጨምረው ጉልበትና ትንፋሽ ይዘህ ትመጣለህ፣ ግሩፕ ውስጥ መንዳት ግን ይዘህ አትመጣም። ካናዳዊው ማይክል ዉድስ ሯጭ ነበር፣ አንድ ማይል ከ4 ደቂቃ በታች ሮጧል፣ የእግሩ አጥንት ደጋግሞ እየተሰነጠቀ ሩጫውን አስተወው፣ ሳይክል ደሞ አጥንት ላይ እንደ ሩጫ አያርፍም። በ2023 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ፑይ ደ ዶም ተራራ ላይ ያለቀውን የአንድ ቀን ውድድር ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር!! ዳገት ላይ እንደዛ ሆኖ ግን ከጎንና ከጎን ሰው ተጠግቶህ በፍጥነት ስትሄድ መረጋጋት፣ ኩርባ ላይ መቼ ፍሬን እንደሚለቀቅ፣ ይሄ በልጅነት ነው ሚገባው። ቤልጂየማዊውን ኤቨኔፑልን እዩት፣ አንደርሌክትና ፒኤስቪ ወጣት ቡድን እግር ኳስ ተጫውቶ በ2017 ነው ሳይክል የጀመረው፣ በዓመቱ በ2018 የዓለም ወጣቶችን ሁለቱንም ወርቅ (የጎዳናውንና የክሮኖውን) ወሰደ፣ ቁልቁለት ላይ ግን ለዓመታት ሲወቀስ ነበር

ሰንሰለት፦
@የሩጫ ልጅ ልክ ነህ፣ ሮግሊችም ስንቴ ወድቋል። ግን ዳገቱ አንድ ነገር ፈልገህ እይ፣ የ2023 ጂሮ ሞንቴ ሉሳሪ ተራራ ላይ ሚያልቀውን ክሮኖ። መነሻው ያው በወጣትነቱ ያሸነፈበት ታርቪዚዮ ነው፣ በጠቅላላ ሰዓት ይመራ ከነበረው ከጌራይንት ቶማስ 26 ሴኮንድ ወደኋላ ሆኖ ነው የተነሳው፣ ቀጥ ያለው ዳገት መሃል ላይ ሰንሰለቱ ወለቀ። ቆመ፣ ወረደ፣ በእጁ መለሰው፣ ከዛ ከተመልካች መሃል አንዱ ገፍቶ አስነሳው፣ ሰውየው ለካ የድሮ የዝላይ ቡድን ጓደኛው ነው! ጂሮውን ቶማስን በ14 ሴኮንድ በልጦ ወሰደ። እኔ እዛ ላይ ያየሁት አለመደናገጡን ነው፣ ያን ያህል ከፍታ ላይ ስትዘል የኖርክ ሰው አሰልጣኝ ማይሰጥህን እርጋታ ይዘህ ትመጣለህ።

ዳገቱ፦
አሁን ገብቶኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ። ከሴቶችስ?

የሩጫ ልጅ፦
አሜሪካዊቷ ክሪስተን ፎክነር። ዩኒቨርሲቲ እያለች ጀልባ ቀዛፊ ነበረች፣ ቅዘፋ ደሞ ከስኪ ዝላይ በተለየ ትንፋሽ በደንብ ይሰራል። ሳይክል የጀመረችው ትልቅ ሰው ሆና ነው፣ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ የጎዳና ውድድሩን ወርቅ ወሰደች፣ ከፊት ያሉትን እንደደረሱባቸው ሳታርፍ ወዲያው ወደ 3 ኪሎሜትር ሲቀር ተነሳች፣ ሌሎቹ እርስ በርስ ሲጠባበቁ አመለጠች። የመጨረሻውን እዩት፣ ጉልበት ብቻ አይደለም፣ ውድድር ማንበብ ሚባለው እሱ ነው