ለብየዳ ቤት የሚሆን፣ የማይሞቅ ቱታ ከየት ላግኝ?

ጤና ይስጥልኝ። አቃቂ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ የብየዳ ቤት የምሠራ ስሆን፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ በተለይ ከቀትር በኋላ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል፣ የተሰጠኝ ሰማያዊ ቱታ ጀርባዬ ላይ እየተጣበቀ መድረሻ ያሳጣኛል። ጨርቁ አብዛኛው ፖሊስተር በመሆኑ ላብ አይመጥም፤ ከዚያም አልፎ የብየዳ ፍንጣሪ ሲያርፍበት እንደ ጥጥ ከስሎ በመቅረት ፈንታ ቀልጦ ቆዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ግራ ክንዴ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ትቶብኛል። እጅጌዬን እንዳልሰበስብ ደግሞ የብየዳው ጨረር ያቃጥላል።

ወፍራም የጥጥ ካኪ ገዝቼ ሰፋ አድርጌ ለማሰፋት አስቤ ነበር፤ ሆኖም መርካቶ የጠየቅኳቸው ነጋዴዎች ሁሉንም ጨርቅ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ይሉኛል፣ ክር መዝዤ ሻጩ ፊት ክብሪት መጫሩም አሳፈረኝ። በዚህ ሙያ ያላችሁ ወገኖች፣ ጥጥን በመዳሰስ ብቻ መለየት ይቻል እንደሆነ፣ ከሥር ካናቴራ መልበስም ሙቀቱን ያባብስ ወይም ያቀል እንደሆነ ብትገልጹልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።